ተራ

በሺሎንግ ከተማ፣ ከገዢው ቅጥር ግቢ፣ ጥዶቹ ካሉበት፣
ወንበር እደረድራለሁ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይኸው ኖርኩበት።
ሲባጎ ዘርግቼ፣ ሜትር ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ በሣር፣
የማን ጉልበት እንደሚቀድም አያለሁ፣ ከማን ጉልበት ዳር።

ዝርዝሩ ከዴልሂ ነው። ወረቀቱ አርጅቷል፣ ጥርሱ ግን አልረገፈ፤
ስንቱን ባለ ካባ፣ ስንቱን ባለ ኮከብ፣ ከሥሩ አሰለፈ።
ገዢው አንደኛ ነው፤ ዋና ሚኒስትሩ ይከተላል፤
ዳኛው ከሚኒስትር፣ ሚኒስትር ከጄኔራል፣
እያለ ይወርዳል እንደ ገደል ውኃ።
አንዱ ሰው ሃያ አንድ ሲሆን፣ ሌላው ሃያ አንድ «ሀ» ነው፤
በዚያች በ«ሀ» ሰበብ ሰላምታ የተነፋፈገ ስንት አለ፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሚስቶች ይደውላሉ፤ ባልየው ያፍራላ!
«ባለፈው ዓመት ፊት ነበርን፤ ዘንድሮ ለምን ኋላ?»
ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ በእርሳስ እያከክሁ ጆሮዬን፣
«እመቤቴ፣ እኔ ወንበር እንጂ ሰው አላስቀምጥም» እላለሁ፣ ውሸቴን።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ የነፃነት በዓል፣
ጉሙ ከኮረብታው ወርዶ አጥሩን ነክቶታል።
ድንኳኑ ተወጥሯል፤ ካርዱ ተቀምጧል በየወንበሩ ላይ፤
እኔም በሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ አንድ ዓይኔ ከእንግዳው፣ አንድ ዓይኔ ከሰማይ።

ዳኛ ኖንግሲየጅ መጡ፤ ጡረታ ከወጡ አራተኛ ወራቸው፤
ኮታቸው ያው ጥቁሩ፣ ክርኑ ላይ የሳሳው፤ ያው ነው ከዘራቸው።
እግር መቼ ዝርዝር ያነባል? እግር የሚያውቀው የለመደውን፤
ያዙና ቁጭ አሉ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ የጥንት ወንበራቸውን።
ካርዱን አልተመለከቱ። ካርዱ ላይ ያለው የተተኪያቸው ስም፤
ተተኪውም ደርሷል፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ጊዜ የለም።

ጎንበስ አልኩ ወደ ጆሯቸው፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፤
«ክቡርነትዎ፣ ይቅርታ፣ የእርስዎ ተራ ወዲያ፣ አራተኛው ረድፍ ነው።»
ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፤
«ተራ ሆንኩ በለኛ» አሉኝ፤ «ገባኝ። ምንም አይደለም።»

ከዘራቸው ወንበሩ ሥር ወድቆ ነበር፤ አነሣሁላቸው።
ከአንደኛው እስከ አራተኛው ረድፍ ዐሥራ አራት እርምጃ ነው፤ እኔው ነኝ የለካሁላቸው።
እንግዳው ሁሉ በዚያች ሰዓት ጫማውን አየ።

ዝናቡ አላስጨረሰን። ንግግሩ ገና «ውድ» ሲል፣
ድንኳኑ ከፊት ተተረተረ፤ ካርዱ ሁሉ ሣሩ ላይ ሲዋልል፣
ጄኔራሉ ከሹፌሩ ጋር አንድ ጃንጥላ ሥር ሮጠ፤
ሃያ አንድ ከሃያ አንድ «ሀ» ጋር ተቃቅፎ አመለጠ።
ግን «ሰው እኩል ሆነ» እንዳትሉኝ። በረንዳው ላይ እንደደረሱ፣
መኪና ሲጠብቁ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከነእርጥባቸው፣ ሰልፋቸውን መለሱ።

ዳኛው ብቻ አልተነሡም። አራተኛው ረድፍ፣ በስተግራ ጫፉ፣
ጠብታ አልነካውም፤ የተቀደደው ከፊት ነው፣ ከነ ባለ ሰፊ ደረቱ አፋፉ።

ማታ ወደ ቤት ገባሁ። ቤት ማለቴ የእናቴ፣ ነገ የዳፊሻ፤
በእኛ በካሲዎች ዘንድ ቤት ወራሽ ሴት ልጅ ናት፣ ታናሽ፣ የመጨረሻ።
እኔ የበኩር ልጅ፣ ለአገር ሹም ሁሉ ፊትና ኋላ የማድል፣
እዚህ ቦታዬ በሩ ጋ ነው፣ እርጥቡ ማገዶ ካለበት ክልል።
ዳፊሻ ምድጃው ጋ ናት፤ ሕፃኗ ከእሷ ትቀድማለች፤
ገና ጥርስ አላበቀለች፤ በዝርዝሩ ላይ አንደኛ ነች።

ከኪሴ አንድ ካርድ አወጣሁ፣ ከሣሩ ላይ ያነሣሁትን፤
ስሙን ዝናብ አጥቦታል፤ አላውቅም የማን እንደሆን።
ስሙን በብዕር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ማተሚያ ቤት ያትማል፤
ስሙ ሄዷል። ቁጥሩ ግን፣ ወርቃማው፣ እንዳለ አለ፤ ያብረቀርቃል።

«ይፈለጋል?» አለች ዳፊሻ።
«ኧረ ተይው፣ አያስፈልግም።»
አጣጥፋ፣ አንድ እግሩ ካጠረው ዱካዬ ሥር ሸጎጠችው።
ተቀመጥኩበት፤ ወዲህ ወዲያ ብዬ ሞከርኩት።
አሁን አይነቃነቅም።